በበዓል ዋዜማ ከአዲስ አበባ መውጣት፦ ጉሙ፣ በረዶውና ጎርፉ ከየት ይመጣሉ?

ጳጉሜን ሲገባ የአዲስ አበባ መውጫዎች መልካቸው ይቀየራል። ላምበረት፣ አስኮ፣ አየር ጤና፣ ቃሊቲ፣ አዲሱ ገበያ፤ የትም ብትሄዱ ሰልፍ ነው። በጉ ወደ ከተማ ይገባል፤ ሰው ወደ አገር ቤት ይወጣል። ሁለቱም የሚተላለፉት በአንድ አስፋልት ላይ ነው። ሰማዩ ደግሞ ገና አልጠራም።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የጎርፍና የመንገድ አደጋ ወሬ እንሰማለን። "ያልታሰበ ዝናብ" ይባላል። አብዛኛው ግን የሚታሰብ ነው። የሚመጣበት ሰዓት አለው፤ የሚበረታበት ቦታ አለው፤ የሚወርድበት መንገድም ይታወቃል። ይህን ያወቀ መንገደኛ የሚነሳበትን ሰዓት ብቻ በማስተካከል ከብዙ ነገር ሊተርፍ ይችላል።

አዲስ ዓመት ገብቶም ለምን ይዘንባል?

ክረምቱ ስላላለቀ ነው። አደይ አበባው ሲታሰር ክረምት የወጣ ይመስለናል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ዘመነ ክረምት የሚቆየው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎችም ክረምት የሚሉት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ነው። ቡሄም፣ እንቁጣጣሽም፣ መስቀልም ክረምት ውስጥ ናቸው።

በአዲስ አበባ ትልቁ ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከዚያ በኋላ መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። አደጋው ግን አብሮ አይቀንስም፤ ምክንያቱም መሬቱ ጠግቧል። ሰኔ ላይ የወረደውን ውሃ ደረቁ መሬት ይጠጣዋል። ጳጉሜን ላይ የሚወርደው ግን መግቢያ የለውም፤ ከላይ ከላይ ይፈስሳል።

በተለይ የከተማዋ ደቡብና ምሥራቅ ዳርቻ ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ የሚባለው። ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው በደንብ ያውቀዋል። ሁለት እርምጃ ሳትሄዱ ጫማችሁ ሥር ተጣብቆ ቁመት ይጨምርላችኋል። ይህ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ያብጣል። አንዴ ካበጠ በኋላ ውሃ ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው በጣም በዝግታ ነው። አስፋልት ከሥሩ እንዲህ የሚያብጥና የሚኮማተር አፈር ካለው እሱም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ሲኖትራኩ ይረግጠዋል፤ ጉድጓድ ይሆናል። ጉድጓዱ ላይ ውሃ ሲተኛበት ደግሞ ጥልቀቱ ከላይ አይታይም።

ለምን ከሰዓት በኋላ ይብሳል?

ጠዋት ብራ ሆኖ 9 ሰዓት ላይ ሰማዩ የሚጠቁረው በአጋጣሚ አይደለም።

በክረምት ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ጫካ በኩል፣ እንዲሁም ከህንድ ውቅያኖስ እርጥብ አየር ወደ ደጋው ይገባል። እርጥበት ብቻውን ግን ዝናብ አይሆንም፤ ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ይፈልጋል። ፀሐይ ጠዋት መሬቱን ታሞቃለች። መሬቱ በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ይነሳል። ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ጠብታ ይለወጣል። እንጀራ ሲጋገር ከአክንባሎው ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ አስቡት፤ ትኩስ እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲያገኝ የሚሆነው ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ሰዓታት ይፈጃል። 4 እና 5 ሰዓት ላይ ነጫጭ ደመናዎች መቆለል ይጀምራሉ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሥራቸው ይጠቁራል። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነጎድጓዱና ከባዱ ዝናብ ይወርዳል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ ክረምት ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘንብ የሚያድርበት ቀንም አለ። አዘውትሮ የሚታየው ግን ይህ ነው።

እንጦጦ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ነፋስ ተራራ ሲገጥመው መሄጃው ወደ ላይ ነው። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ። የእንጦጦ አናት ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር ከ1,000 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አላት ማለት ነው። ከፍታ 1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ቃሊቲ ላይ በቲሸርት የነበረ ሰው እንጦጦን ሲሻገር ጋቢ የሚያምረው ለዚህ ነው።

አሁን የዋዜማውን ቀን አስቡ። ሰው ግማሽ ቀን ሠርቶ፣ ገበያ ደርሶ፣ ዕቃውን ሸክፎ መናኸሪያ የሚደርሰው 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። ሰልፉና የታሪፍ ጭቅጭቁ ተጨምሮ መኪናው የሚንቀሳቀሰው 10 ሰዓት ላይ ይሆናል። ልክ ዝናቡ በሚበረታበት ሰዓት። ከዚያ ደግሞ ይመሻል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በዋዜማው ከሰዓት የሚነሳ ሰው ዝናቡን፣ ጭለማውንና የበዓሉን ጥድፊያ አንድ ላይ ነው የሚጋፈጠው።

እኔ ያለሁበት አልዘነበም፤ ጎርፉ ከየት መጣ?

ከላይ ነው የመጣው። በመጀመሪያ አንድ ቁጥር ልብ በሉ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ ሲባል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከግማሽ ወርዷል። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲታሰብ 30 ሚሊዮን ሊትር ነው። ይህ ውሃ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ቢወርድ ብዙ አይጎዳም። በአንድ ሰዓት ከወረደ ግን የትኛውም ቱቦ አይችለውም።

እንጦጦ ውሃ ከፋይ ነው። በደቡብ በኩል የወረደው በቀበናና በግንፍሌ፣ በትንሹና በትልቁ አቃቂ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በሰሜን በኩል የወረደው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይተኛና ቀስ ብሎ በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። አንድ ደመና ተራራው ላይ ሲፈስ ውሃው ለሁለት ተፋሰስ ይከፈላል።

ሁለቱ ጎርፎች ግን ጠባያቸው ይለያያል። ሱሉልታ ላይ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው የሚሞላው በዝግታ ነው። ስለ መጣም አይጮኽም። ከአስፋልቱ ዳር ያለው ሣር ቀስ በቀስ ይሰምጣል፤ የመንገዱ ጠርዝ የቱ ጋ እንዳለቀ ይጠፋል። ለሌላ መኪና መንገድ ለመልቀቅ ትንሽ ወደ ዳር ያለ ሾፌር ጭቃ ውስጥ ይገባል። ወደ ከተማው ያለው ጎርፍ ግን ቁልቁል ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ፈጣን ነው። ጣሪያ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን በበዛ ቁጥር መሬቱ የሚጠጣው ውሃ ያንሳል፤ ወንዙም ቶሎ ይሞላል። የተራራው ውሃ ታች ሲደርስ እዚያ ፀሐይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ድሬዳዋ ላይ የሆነው ይህ ነበር። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል። ያ ሁሉ ውሃ የመጣው ከከተማዋ በላይ ካለው ደጋ ነው።

ስለዚህ መሻገሪያ ላይ ስትደርሱ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አትዩ። ወደ ተራራው ተመልከቱ። ወንዙ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና የፕላስቲክ ጠርሙስ እያንሳፈፈ ከመጣ፣ ድምፁ ከጨመረ፣ ውሃው እየመጣ ነው።

በረዶ ደጋ ላይ ለምን ይበዛል?

የነጎድጓድ ደመና ቁመቱ ከ10 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የላይኛው ክፍል ከዜሮ ዲግሪ በታች ነው። ኃይለኛ የሚወጣ ነፋስ የውሃ ጠብታውን ወደዚያ ቅዝቃዜ ይወስደዋል። ጠብታው ይረጋል፤ በላዩ ላይ ሌላ ውሃ ይረጋበታል፤ እየወፈረ ይሄዳል። ነፋሱ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወድቃል።

ሲወድቅ በመንገዱ ላይ ይቀልጣል። ጥያቄው ለመቅለጥ ጊዜ አለው ወይ ነው። በእኛ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቆላ ላይ የሚወድቅ በረዶ ሞቃት አየር ውስጥ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ከዚያ በፊት ይቀልጣል። እንጦጦ ላይ ግን የሚቀረው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሱሉልታና ሰንዳፋም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ በረዶው እንደ ረጋ መሬት ይደርሳል።

ለመንገደኛ በረዶው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። መጀመሪያ አስፋልቱን ይሸፍናል፤ ጎማ የሚይዘው ነገር ያጣል። ቀጥሎ ተጠራርጎ የዲቹን አፍ ይደፍናል። ፌስታልና ጠርሙስ አስቀድሞ ግማሹን ዘግቶት ከሆነ፣ በረዶው የቀረውን ይጨርሰዋል። ዝናቡ ቢያባራም ውሃው መንገድ ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ አንድ የከተማ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፦ ክዳኑ የተወሰደ ማንሆል። ውሃ በሸፈነው መንገድ ላይ እግረኛም ሞተረኛም አያየውም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በመንገዱ ዳር ከመሄድ ውሃው እስኪወርድ መቆም ይሻላል።

ጉሙ ለምን አንዳንዴ ቶሎ ይገፈፋል፣ አንዳንዴ ይውላል?

ሁለት የተለያዩ ጉሞች ስላሉ ነው። ጉም መሬት የነካ ደመና ነው። ባለሙያዎች ጉም የሚሉት እይታ ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ነው። መንገድ ላይ የሚያስፈራው ግን 50 ሜትር ሲሆን ነው።

አንደኛው ጉም የሜዳው ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሌሊቱ ከጠራ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና ይተኛል። ሜዳው ደግሞ ውሃ ጠግቧል። ንጋት ላይ የሱሉልታና የሰንዳፋ ሜዳ ነጭ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ይህ ጉም ፀሐይ ስትበረታ፣ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይገፈፋል።

ሁለተኛው የተራራው ነው። እርጥብ ነፋስ ዳገቱን ሲወጣ እዚያው ደመና ይሆናል። ነፋሱ እስካላቆመ ድረስ ሌላ ደመና እየተሠራ ይመጣል። እንጦጦ ላይ ይህን እናያለን። በደሴ መንገድ ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ደግሞ በጣም የታወቀ ነው። ይህኛው ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፤ "ትንሽ ቆይቶ ይገፈፋል" ብሎ መንገድ ዳር መጠበቅ አያዋጣም።

ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ማብራት ስህተት ነው። ብርሃኑ ከጠብታዎቹ ላይ ተመልሶ የሾፌሩን ዓይን ይወጋዋል። አጭር መብራት መንገዱን ያሳያል። የበዓል ሰሞን ደግሞ ጉሙ ውስጥ ያለው መኪና ብቻ አይደለም። በግ ነጂው ለገበያ ለመድረስ ከንጋቱ በፊት ተነስቷል። መንጋው አስፋልቱን ሞልቶ ይሄዳል፤ የኋላ መብራት የለውም። እረኛው ግራጫ ጋቢ ለብሶ ከሆነ ከጉሙ አይለይም። ለዚህ ሰው ስል ብቻ እንኳ ሾፌሮች ፍጥነት እንዲቀንሱ እለምናለሁ።

በርጥብ አስፋልት ላይ መኪና ለምን አይቆምም?

ጎማ መሬቱን የሚነካው በጣም ትንሽ በሆነ ክፍሉ ነው። መኪናውን የሚያቆመው፣ የሚያዞረውም ይህ ንክኪ ነው። የጎማው ጥርስ ሥራ ከሥሩ ውሃውን ወደ ጎን ማውጣት ነው። ጥርሱ አልቆ ሊሾ የሆነ ጎማ ውሃውን ማስወጣት አይችልም። ፍጥነት ሲጨምር ውሃው ከጎማው ሥር ይገባል፤ ጎማው ከአስፋልቱ ተነስቶ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በዚህ ጊዜ መሪ ቢዞርም መኪናው አይታዘዝም። በአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሾፌሮች "መሪው ቀለለኝ" የሚሉት ይህን ነው። እንዲህ ሲሆን ፍሬን መርገጥ አይገባም። ከነዳጅ ላይ እግርን ማንሳትና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ ጎማው ራሱ ተመልሶ አስፋልቱን ይይዛል።

ሌላው የፍጥነት ሒሳብ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር አልፏል። ከዚያ በርጥብ አስፋልት ላይ እስኪቆም 60 ሜትር ገደማ ይጨምራል። በድምሩ ከ90 ሜትር በላይ። በ40 ቢሄድ ግን በአጠቃላይ 32 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን የሚፈጀው ርቀት በአራት እጥፍ ይጨምራልና። ይህ ጎማው ጥሩ ሆኖ፣ ትርፍ ሰው ሳይጫን ነው። ጉሙ የሚያሳየው 50 ሜትር ከሆነ በ80 የሚሄድ ሾፌር ከፊቱ የቆመን መኪና ሲያየው ጊዜው አልፏል።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ረግጦ መውረድ አደገኛ ነው። ፍሬን እየጋለ ሲሄድ ኃይሉን ያጣል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ገና ሲጀምሩ ከባድ ማርሽ አስገብተው ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋሉ። ውሃ ውስጥ ያለፈ መኪናም ፍሬኑ ረጥቦ ሊዳከም ስለሚችል ከተሻገሩ በኋላ ቀስ እያሉ ደጋግሞ መርገጥ ያደርቀዋል።

ትንበያው ላይ የሚባሉት ቃላት ምን ማለት ናቸው?

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ላይ "ከባድ ዝናብ" ሲባል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። "ከመደበኛ በላይ" የሚለው ከብዙ ዓመታት አማካይ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ነገ ይዘንባል አይዘንብም የሚል አይደለም። "ቅጽበታዊ ጎርፍ" ማለት ከዝናቡ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት የሚደርስ ጎርፍ ነው። "ላይኛው አዋሽ" ከተባለ አዲስ አበባና ዙሪያዋም አሉበት። ብዙ ሰው አዋሽ ሲባል አፋርን ያስብና ያልፈዋል።

ታዲያ መቼ ልነሳ?

የሜዳው ጉም 3 ሰዓት ላይ ይገፈፋል። ደመናው ከ8 ሰዓት በኋላ ይፈርጣል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ነው የመንገደኛው። ፍቼ፣ አምቦና ወሊሶ ከአዲስ አበባ ከ110 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ደብረ ብርሃን 130። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሳ ሰው መንገዱ ካልተዘጋጋ እስከ 7 ሰዓት ይገባል። ከዚያ አልፎ ዓባይን ወይም ጣርማ በርን የሚሻገር ሰው ደግሞ ቢችል በዋዜማው ሳይሆን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢወጣ፣ ካልሆነም መንገድ ላይ ቢያድር ይሻለዋል።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። "የት ደረሳችሁ? ዶሮው እኮ በረደ!" የሚለው ስልክ ሾፌሩ ጆሮ ይደርሳል። "አይዟችሁ፣ ነገም በዓል ነው" በሏቸው። መኪና ውስጥ ያላችሁም "ሹፌሬ፣ ቀስ በልልን፤ አንቸኩልም" ማለትን አትፍሩ። አንድ ሰው ካለ ሌሎችም ይከተላሉ።

መንገድ ላይ ከያዘኝስ?

የሚፈስ ውሃ ውስጥ አትግቡ። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ከፊት ያለው አይሱዙ ተሻገረ ማለት ቪትዝ ይሻገራል ማለት አይደለም።

መብረቅ ካለ ጣሪያውና ጎኑ ብረት የሆነ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ደህና ነው። ባጃጅ ግን ከለላ አይሆንም፤ ባሕር ዛፍ ሥር መጠለልም አደጋ ነው። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ ሰከንድ ቁጠሩ። 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ሜዳ ላይ አትውጡ።

ጉም ውስጥ መኪና ቢበላሽ በተቻለ መጠን ከአስፋልቱ አውጡት፤ አራቱን ፍሬቻ አብሩ። ተሳፋሪዎች ከመኪናው ወርደው ከመንገዱ ራቅ ይበሉ። ከኋላ ቆሞ መኪና የሚገፋ ሰው ሊገጭ ይችላል።

ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939 ይደወላል። ስትደውሉ በየትኛው መንገድ እንዳላችሁ፣ መጨረሻ ያለፋችሁት ከተማ የቱ እንደሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ እየገባችሁ ወይስ እየወጣችሁ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ በቅድሚያ ተናገሩ። ስልኩ መሐል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ታውቋል።